አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜጋኸርዝ

ዙሀይራ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። የደወሉላት ጎባ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ ነው። ነጋዴው ወዚር ያቀረበላቸው ሃያ አምስት ኮምፒውተሮች ውሉ ላይ ከሰፈረው ፍጥነት ግማሹን ብቻ እያሳዩ ስለሆነ መጥታ እንድትመረምርላቸው ነው። ወዚር! ይህን ስም በሰማች ቁጥር አንጀቷ ሲያር ሦስት ዓመት ሞላት፤ ዛሬ ገና ደስ ብሏት ሰማችው።

በ2001 ዓ.ም. ሮቤ ውስጥ በወዚር ሱቅ የኮምፒውተር ጥገና ትሠራ ነበር። አንድ ደንበኛ ማሽኑን ለጽዳት አስገብቶ ሊወስድ ሲመጣ፣ ወዚር ጉራውን ለመንዛት የማሽኑን የውስጥ ዕቃ ሁኔታ የሚያሳየውን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፈተለት። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 2400 ሜጋኸርዝ መሆን ሲገባው 1200 ይላል። ደንበኛው ጮኸ። ወዚርም ጊዜ አልፈጀም፤ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ፣ “ደህናውን አውጥታ አሮጌ ተክታበታለች!” አለ። ማሽኑ እስኪግል ድረስ ሥራ ጫኑበት፤ ቁጥሩ ግን ከ1200 ፍንክች አላለም። ሳጥኑን ከፍቼ ፕሮሰሰሩን ላሳያችሁ ብትልም ወዚር አላስነካትም።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ዙሀይራ ቁርኣን ይዛ ማለች። ወዚር ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ “መሐላዋን ለአላህ ትቼዋለሁ፤ እኔ የማየው ቁጥሩን ነው” ብሎ በዚያው ቀን አባረራት። ስሟ በከተማው ጠፋ። ከሷ ስም ይልቅ የሚያንገበግባት ግን የአባቷ የአቶ ከማለዲን ነበር። እሳቸው ራሳቸው የታወቁ አስታራቂ ነበሩ፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸውን ሳይዝ አይቀመጥም ነበር። ልጃቸው ሌባ ከተባለች ወዲህ አንድም ሰው ለሽምግልና ጠርቷቸው አያውቅም። በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ። ስለ ፕሮሰሰሩ አንድም ቀን አንስተውባት አያውቁም። እንዳያሳዝኑኝ ብለው ነው ትላለች እሷ፤ ዝምታቸውን ባሰበች ቁጥር ወዚርን አፈር ድሜ ለማብላት ትምላለች።

መኪና መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ ኮንቴይነር ተከራይታ ሞባይልና ኮምፒውተር መጠገን ጀመረች። በዓመቱ አንድ ማሽን መጣላትና ያው ፕሮግራም ያንኑ ግማሽ ቁጥር አሳያት። በገዛ እጇ ፕሮሰሰሩን አወጣች፤ ጀርባው ላይ የተቀረጸው 2400 ነው! ቁጭ ብላ የማሽኑን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ እያጠፋችና እያበራች ሞከረች። በስተመጨረሻ ገባት። ማሽኑ ሥራ ሲያጣ መብራት ለመቆጠብ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ ያ ያረጀ ፕሮግራም ደግሞ ሲከፈት ያገኛትን የመጀመሪያዋን ቁጥር ይዞ ይቀራል እንጂ ማሽኑ ሲፈጥን ዳግመኛ አይለካም። የተዋረደችው ለዚህች ነበር። እየሮጠች ወዚር ሱቅ ሄዳ ልታስረዳው ብትሞክር በሩ ላይ መለሳት።

እና አሁን ጎባ ጠራት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና የምትለውን አዘጋጀች። “ቁጥሩ ልክ ነው” ማለት ብቻ ይበቃል። ማሽኖቹ ይመለሱበታል፣ ከእንግዲህ ከሱ የሚገዛ መሥሪያ ቤት አይኖርም። ጎባ እስክትደርስ በዚህ ሐሳብ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከሚኒባሱ ስትወርድ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ቁጥሩ ልክ ነው ካለች፣ ያኔም ልክ ነበር ማለት ነው። በገዛ አፏ ራሷን ሌባ ልታደርግ!

ወዚር ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ከስቷል።

“ዙሀይራ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? ኢንታላ ኮ፣ እንደ ልጄ ነሽ” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ፕሮግራሙ ነው የሚዋሸው። አንቺ ታውቂያለሽ።”

“ውስጥ እንነጋገር፣ ኦቦ ወዚር። እርስዎም ይገባሉ አይደል?” አለችው። በአፏ እርስዎ ትለዋለች እንጂ በሆዷ አንተ ካለችው ቆይታለች።

የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ሙሉሃብት ነገር የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ማንም ማሽኖቹን እንዳይከፍት በእያንዳንዱ ሳጥን መጋጠሚያ ላይ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት አስለጥፈዋል።

“አንቺን የመረጥኩሽ እሱን እንደማትወጂው አገር ስለሚያውቅ ነው” አሏት ፊት ለፊት። “ማሽኖቹ ደህና ናቸው ብትዪ፣ ለሱ ስትል ዋሸች የሚለኝ የለም።”

“ልክ ነዎት፣ አልወደውም” አለች ዙሀይራ። “እንግዲያው ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ። አቅራቢው ስለዚህ ቁጥር ምን ይላሉ?”

ወዚር ዘሎ ገባበት። “ውሸት ነው! ፕሮግራሙ ያረጀ ነው፣ ግማሹን ነው የሚያነበው። ጻፉት፣ እፈርማለሁ!” ጻፉት። ፈረመ።

“ይህን ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?”

ወዚር የውሉን ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመረ። ወይዘሮ ሙሉሃብት ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አንስተው አዩት። “መልስ እንጂ።”

“አስመጪው ነግሮኛል… ሁለት ዓመት ይሆነዋል።”

ዙሀይራ እስከዛሬ ባለማወቅ የበደላት መስሏት ነበር። ለካ እያወቀ ነው! በዚያ ሁሉ ጊዜ በአባቷ በር እያለፈ፣ ሰላምታ እየሰጠ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንደ ስሜቷ ቢሆን ፊቱን ብትቦጫጭረው ደስ ባላት። እሷ ግን በጣቷ ወደ ቃለ ጉባኤው ጠቆመች።

“እንግዲያው ይህም ይጻፍ። በ2001 ዓ.ም. ዙሀይራ ከማለዲንን በዚሁ ፕሮግራም፣ በዚሁ ቁጥር ሌባ ብዬ አባርሬያለሁ፤ አልሰረቀችም፤ ይህንንም እያወቅሁ ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ።”

“ይሄ ከርክክቡ ጋር ምን አገናኘው?” ወዚር ብድግ አለ።

ዙሀይራ ቦርሳዋን አነሳች። “ካልተገናኘ ቁጥሩ እውነት ነው ማለት ነዋ። ደህና ዋሉ።”

በሩ ጋ ሳትደርስ ወዚር ጠራት። ጻፉት። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። ዙሀይራ እያንዳንዷን ፊደል እስኪጨርስ ቆማ አየችው፤ ደስታዋን አልደበቀችም።

ከዚያ ወደ ማሽኖቹ ዞረች። መፍቻ አልያዘችም። አንዱን ኮምፒውተር አጥፍታ አስነሳችና ዋናው ሥርዓት ከመጫኑ በፊት ወደሚመጣው ማስተካከያ ገባች። መብራት መቆጠቢያውን አጠፋችው። ፕሮግራሙን መልሳ ስትከፍተው 2400 አለ። ወይዘሮ ሙሉሃብት ጎንበስ ብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አልተነካም። ሌላ ማሽን መርጠው ሰጧት፤ ያም እንዲሁ። ሃያ አምስቱንም ስትጨርስ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ግልባጭ ተሰጣት።

ወዚር የዳነ መስሎት ቀለል አለው። “አበቃ አይደል?”

“አላበቃም። አሁን አብረን ሮቤ እንሄዳለን፤ ለአባቴ ያነቡላቸዋል። እምቢ ካሉ በየሱቁ እየዞርኩ እኔ አነበዋለሁ።”

በአንድ ሚኒባስ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ ሄዱ። አቶ ከማለዲን እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ወዚርን ከዙሀይራ ጋር ሲያዩ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ዙሀይራ ማንንም ሂዱ አላለችም፤ እንዲያውም ለአንዲት አሮጊት ቦታ ለቀቀችላቸው።

ወዚር ቆሞ አነበበ። “አልሰረቀችም” የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቢጠፋበት፣ “አልተሰማም” አለችው። ደግሞ አነበበው።

አቶ ከማለዲን ከወንበሩ ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ።

“አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!” አሉ። “ሦስት ዓመት ሙሉ በየሶላቴ፣ ‘ያ ረቢ፣ በቁርኣንህ በሐሰት የማለችውን ልጄን ማርልኝ’ ስል ነበር። ለካስ እውነቷን ነበር የማለችው!”

ጎረቤቶቹ እልል አሉ። ዙሀይራ ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። አባቷ አቀፏት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ እሷ ግን እንደ ግንድ ቆማ ቀረች።

በአባቷ ትከሻ ላይ ወዚርን አየችው። ማንበቡን ጨርሶ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሟል። ከአባትየው አፍ የወጣውን እሱም ሰምቷል። ቀና ብሎ አያት፤ አዘነላት።