አባባ የሌለበት ገነት

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ» አለች ጎረቤቲቱ፣ ለለቅሶተኛው ሻይ የምትቀዳውን ሴት በክርኗ ጎሰም አድርጋ።

«ይስሙ! ሰው ከዝንጀሮ መጣ እያለ ሲያስተምር የኖረ የት ሊገባ ነው ታዲያ? እኔ አልፈረድኩም፣ ጠየቅሁ እንጂ።»

አያት ሰምተዋል። ጆሯቸው ደከም ቢልም በልጃቸው ክፉ ሲወራ ከግድግዳ ማዶም ይሰማሉ። የፈሩት ግን ለልጅቷ ነው። የልጅ ልጃቸው የአባቷን ሹራብ ለብሳ፣ እጅጌውን እያኘከች አጠገባቸው ተቀምጣለች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

ልጃቸው የባዮሎጂ መምህር ነበር። በሥራ ቀን ፍጥረት በዘመናት ብዛት እንዴት እንደተለዋወጠ ያስተምራል፤ እሁድ ደግሞ ለሕፃናት መጽሐፍ ቅዱስ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አፋጠጡት።

«ቆይ አንተ፣ እኔ ከዝንጀሮ ነው የተወለድኩት?»

«ኧረ እማዬ! ማን እንደዚያ አለ?»

«በአባትህ ወገን ከሆነ እንጃ። በኔ በኩል ግን የለም!»

ስቆ ስቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግዚአብሔር ፈጠረ ነው የምለው እኔም። ብቻ አልቸኮለም። ዘመኑ የራሱ፣ ምን ያስቸኩለዋል?»

«እሱን ለኔ ንገረኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን እንዳትናገር፣ በሞቴ።»

ተናገረ። ሲጠይቁት መዋሸት አልሆነለትም። ከሕፃናቱ ክፍል አነሱት። ቢሆንም እሁድ በደረሰ ቁጥር ጫማውን ወልውሎ፣ ልጁን ይዞ፣ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጥ ነበር። አያት ከፊት ሆነው ዞር እያሉ ያዩታል፤ እንዳይቀር ይሰጋሉ። አንድም ቀን አልቀረም።

አሁን በሩ ተንኳኳና ልጃቸውን ከክፍሉ ያነሱት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ገቡ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ እጅጌውን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ፣ አባባ ገነት ገብቷል?»

ሻይ ቀጂዋ ቴርሞሱን እንደያዘች ቀረች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መምህሩ ሲታመም እየተመላለሱ ጸልየውለታል።

«ልጄ... ፍርድ የጌታ ነው። እኛ ምን እናውቃለን?»

«የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሲሞቱ ግን ገብተዋል ብለው ነበር።»

«እሱ... እሱ ሌላ ነው።»

«አባባ ከሌለ እኔም አልሄድም።»

«አንቺ!» አሉ አያት፤ ወዲያው በራሳቸው ድምፅ ደነገጡ። ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «እባክዎ፣ አንድ ቃል ይበሏት። ልጅ ናት። ሳይጸልይ ከቤት እንደማይወጣ ያውቁ የለ?»

«አውቃለሁ፣ እናቴ። የማላውቀውን ግን እንዴት ልናገር?»

ይህኑ ነበር ልጃቸውም የሚለው። አያት ምን ይበሉ? ልጅቷን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

«ገብቷል፣ የኔ እናት። ገብቷል።»

«ማን ነገረሽ፣ እማማ?»

አያት የረዘመባትን የሹራቡን እጅጌ አጠፉላት።

«እንጸልይ» አሉ ሽማግሌው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ አያትም ደፉ። ትንሽ ቆይተው በዓይናቸው ጠርዝ አዩ። ልጅቷ አልደፋችም። ቀጥ ብላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ አንገቱን የደፋውን ሰው ሁሉ የምትቆጥር ይመስል ታያለች።

አያት እስከዚያ ቀን ድረስ በጸሎት መሃል ዓይናቸውን ገልጠው አያውቁም ነበር። የልጅቷን እጅ ያዙና ቀና አሉ። ብቻዋን እንዳትሆን፣ አሜን እስኪባል አብረዋት አዩ።