ብቻዬን ነው የምሄደው

ማንተግቦሽ የሠራችው ስህተት አንድ ብቻ ነው፤ ጉዞዋን የጸሎት ርዕስ አደረገችው። ሌላው ሁሉ ልክ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ክሬጊበርን ሠፈር ካለው ቤቷ በር ላይ ነጯን ፓጄሮ አቁማ፣ ሦስት ወር ሙሉ ጎማ ስትቀይር፣ ካርታ ስታጠና፣ የውኃ ጀሪካን ስትደረድር ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ምን አለ ዝም ብላ ብትሄድ! ግን የእኛ ሰው ለጌታ ሳይነግር መንገድ አይጀምርም፤ ለጌታ መንገር ደግሞ ለሃያ ሰው መንገር ነው።

ማንተግቦሽ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ላቨርተን ኖርዝ በሚገኝ መጋዘን የከሰዓት ሺፍት ገብታ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ትነዳለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እሷም መኪናዋም የሕዝብ ሆኑ። እንግዳ ከኤርፖርት የምትቀበል እሷ፣ የመንግሥት ድጎማ ቢሮው ሴንተርሊንክ ሄዳ የምታስተረጉም እሷ፣ አሮጊቷን እትዬ አፀደን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የምታደርስ እሷ። እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆማ ሳለ ስልኳ ሲጮህ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐሳብ ጀምራ ሳታቋርጥ ጨርሳ እንደማታውቅ ድንገት ገባት። ለባሏ እንኳ በወጉ አላለቀሰችም። መሪውን ይዛ «ጉድ ነው!» አለች፤ ከኋላዋ ያለው ሹፌር ክላክስ እስኪነፋባት ድረስ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

በዚያው ልቧ ቆረጠ። አራት ቀን፣ ከማንስፊልድ ከተማ በላይ ባለው የተራራ መንገድ፣ ብቻዋን። ጊዜው ደግሞ አይጠብቃትም። እዚህ አገር ክረምቱ በሚገባበት ጁን ላይ በረዶው ሲመጣ መንገዶቹ ይዘጋሉ፤ እስከ ኖቬምበር አይከፈቱም። በኦገስት ደግሞ እናቷ ቪዛ አግኝተው ጠቅልለው ይመጣሉ። «እማዬ ከመጡ በኋላ ብቻዬን የምሆነው መቃብር ስገባ ነው» ትላለች፤ እየሳቀች ትበለው እንጂ ከልቧ ነው። ስለዚህ በሜይ የመጨረሻው ቅዳሜ ካልሄደች፣ አትሄድም።

ያስተማራት የመጋዘን ባልደረባዋ ሱሌይማን ነው፤ በየዓመቱ በመኪና ተራራ ይወጣል። ድንጋያማ መንገድ ከመጀመሯ በፊት የጎማውን አየር እንድታስተነፍስ፣ ቁልቁለት ላይ ሪዶታውን፣ ዝግተኛውን ከባድ ማርሽ፣ አስገብታ እግሯን ከፍሬን እንድታነሳ፣ ወንዝ ከመግባቷ በፊት ወርዳ በእንጨት ጥልቀቱን እንድትለካ አሳያት። ቱላንጊ ጫካ ለልምምድ ሄዳ ጭቃ መኪናዋን ሲውጠው፣ እርዳታ አልጠራችም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአካፋ ቆፍራ፣ እንጨት ከጎማው ሥር ጎዝጉዛ ራሷ አወጣችው። ፊቷ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ቤት ስትገባ ልጇ ያኔት ፎቶ አነሳቻት። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት የእርዳታ ጥሪ የምትልክ ትንሽ መሣሪያም ገዛች። የት የት እንደምታድር ለያኔት በወረቀት ጻፈችላት። እሷ በማትኖርበት ሰኞ እትዬ አፀደን የሚያደርሳቸው ታክሲ እንኳ ቡክ አድርጋለች። ምን ቀራት?

ጉዞዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት፣ አብራው የምትጸልየው የቤት ኅብረት ጋሼ አስራት ሳሎን ተሰብስቦ፣ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ እጇን አወጣች።

«ወገኖች፣ ለአራት ቀን ተራራ ልሄድ ነው። ለመንገዴ ጸልዩልኝ።»

«እሰይ! ከእነማን ጋር?» አሉ ጋሼ አስራት። የኅብረቱ መሪ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን ነገር በእጃቸው ካልገባ እንቅልፍ የማይወስዳቸው።

«ብቻዬን።»

«ምነው ልጄ፣ እኛ ሞተናል እንዴ?» አሉ ጋሼ አስራት፤ ከልባቸው አዝነው። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት መኪና፣ አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ጊታርና አንድ በግ ተመደበ። ማንተግቦሽ «አይ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው» ብትል ማን ሰምቷት! ጨዋታዋ መሰላቸው።

ይህስ ባልከፋ፤ ተጨቃጭቃ ትወጣው ነበር። ነገሩ የከፋው ጸሎቱ ላይ ነው። እትዬ አፀደ፣ የኅብረቱ የጸሎት እናት፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ነጭ መኪና አያለሁ! ገደል አፋፍ ላይ ነው! ብቻዋን አትሂድ ይላል ጌታ!» ሳሎኑ በአሜን ተናወጠ። እኚህ ሴት እኮ ባሏ ሲታመም አልጋው ሥር ተንበርክከው አርባ ቀን የጾሙላት ናቸው። እሳቸው አየሁ ካሉ አይተዋል።

ቤት ገብታ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ያኔት ከሶፋው ሆና ቀና አለች። «ማም፣ ጀስት ጎ፤ ዝም ብለሽ ሂጂ» አለቻት። «አንቺ ምን አለብሽ!» ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው ግን ጸጸታት። ፈርታለች። ፈርታም ግን ካርታውን ማጠፍ አቃታት። ጉዞውን ከተወችው ሞትን ሳይሆን ሰውን ፈርታ እንዳይሆን፣ ያ ነው ያንገበገባት። ገደል አለ ከተባለ የት ነው ያለው? መንገዱን ከካርታውና ከሱሌይማን እንደ እጇ መዳፍ አውቃዋለች፤ ጠይቃ ትረዳለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አፀደን ወደ ሆስፒታል ስትወስድ፣ ቀበቷቸውን ካሰረችላቸው በኋላ ጀመረች።

«እትዬ፣ ያ ያዩት ገደል በግራ ነበር በቀኝ?»

«እ?»

«እኔ በማልፍበት ገደል ያለባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በግራ ነው፣ ከሥሩ ወንዝ ይታያል። በሦስተኛው ቀን በቀኝ ነው፣ ዛፉ ሁሉ በእሳት የተቃጠለ ነው። የትኛው እንደሆነ ከነገሩኝ እሱን ትቼ በሌላ እዞራለሁ።»

እትዬ አፀደ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ገደል... ገደል ነዋ።»

«ዳገት ላይ ነበርኩ ቁልቁለት? ወንዝ አዩ?»

ማንተግቦሽ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አወጣችና ሞተሩን አጠፋች። አሮጊቷ መርፌ የበዛበትን ክንዳቸውን እያሻሹ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ታክሲ ይመጣል አልሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቋንቋ የለኝ። አንድ ጊዜ ሌላ በር ላይ ጥሎኝ ሄዶ በብርድ ቆሜ ቀርቻለሁ። አንቺ ደግሞ እዚያ ብትቀሪስ? እኔ ማን አለኝ? ፈራሁ።»

«ታዲያ ያዩት ነገርስ?»

«አላየሁም።»

ማንተግቦሽ ደሟ ፈላ። «በጌታ ስም፣ እትዬ? ፈራሁ አትሂጂ ቢሉኝ እኮ ምናልባት እቀር ነበር!» እትዬ አፀደ አንገታቸውን ደፉ። እንዲህ አንሰው አይታቸው ስለማታውቅ አንጀቷን በሉት፤ ቢሆንም ቃሏን አላለዘበችም። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለማንም አልናገርብዎትም። ግን እሄዳለሁ።» ሞተሩን አስነሥታ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነዳች። እዚያ ግን እንደ ወትሮው እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሼ አስራት የመኪናውን ድልድል በወረቀት ጽፈው መጡ። ገና ማንበብ ሲጀምሩ ማንተግቦሽ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለወደዳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ማንም አይከተለኝም። ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የከለከልኩሽ» አሉ ጋሼ አስራት ወረቀቱን ዝቅ አድርገው። «ጌታ ተናግሯል። በእትዬ አፀደ የመጣውን ቃል ልትንቂ ነው?»

ሃያ ሰው እሷን አየ። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ አልተነፈሰችም። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ ዝምታዋን ሁሉም እንደ ትዕቢት ቆጠረባት።

«ወንድም አስራት» የሚል ድምፅ ከማዕዘኑ መጣ። እትዬ አፀደ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው በግድ ተነሡ። «ጌታ አልተናገረም። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ምንም አላየሁም። የምታመላልሰኝ ልጅ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ፣ ፍርሃቴን በእሱ ስም ጠራሁት። ጌታም ይቅር ይበለኝ፣ እናንተም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሊሰማቸው ዝም ሲልላቸው የኖሩ ሴት ናቸው። አሁንም ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ግን ዝምታው ሌላ ነበር፣ አንዳንዱም ፊቱን አዞረባቸው። ጋሼ አስራት ወረቀታቸውን አጣጠፉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው እሷ በሌለችበት ሰኞ እኔ ላድርስዎት?» ብለው ጠየቁ።

«አይ» አሉ እትዬ አፀደ። ማንተግቦሽን ፊት ለፊት አዩዋት። «እሷ ያን ሁሉ ተራራ ብቻዋን ከወጣች፣ እኔ ሆስፒታል ድረስ ብቻዬን መሄድ ያቅተኛል? የበሩን ስም በወረቀት ጻፊልኝና በታክሲው እሄዳለሁ።»

ማንተግቦሽ እዚያው ቆማ፣ በሃያ ሰው ፊት፣ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችውን ልቅሶ አለቀሰችው። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀች።