ከምድጃው በስተግራ

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ቁሚ» አላት አባቷ ዊልፍ፣ ከምድጃው በስተግራ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። ሄዝል እንዳልሰማ ሰው ቢራዋ ላይ አቀረቀረች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ጥሪ ነበር። አሁን ሲመጣ ግን ክው አለች።

እሑድ ቀትር ነው፤ ለገና ሳምንት አልቀረውም። ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው «ጥቁሩ በግ» መጠጥ ቤት ጠጠር መጣያ ጠፍቶበታል። ውጭ ጉም ሜዳውን ውጦታል። ውስጥ የተጠበሰ ድንች በሳህን ይዞራል፣ ኦርጋኑ ያቃስታል፣ ሕዝቡም ቤተ ክርስቲያን ድሮ «ጩኸት ነው» ብላ ቅድመ አያቶቹን ያባረረችባቸውን የገና መዝሙሮች በቢራ እያወራረደ ይዘምራል።

መንደሩ በሙሉ የሚጠብቀው ግን አንዱን መዝሙር ነው። በዚያ መዝሙር መካከል ሁሉም ዝም ይላል፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው እሱን ተከትሎ ይገባል። የዚያ ድምፅ ዜማ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። አንድ ሰው ይዞት ከምድጃው በስተግራ ይቆማል፤ ጊዜው ሲደርስ ተተኪውን አጠገቡ አቁሞ ያስረክበዋል። ክፋቱ፣ ያስረከበ ሰው የከርሞውን የገና በዓል አይቶ አያውቅም። አጎት ኢኖክ ለዊልፍ ባስረከበ በዚያው ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ተቀበረ። ከኢኖክ በፊት የነበረውም እንዲሁ። የመንደሩ ሰው ይህን አያወራም፤ ማን በአፉ ያሟርታል?

ሄዝል እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም ባይ ነበረች። አለማመን የሚቀለው ግን በሰው አባት ነው።

«አንቺ ጎርናና! አባትሽ እየጠራሽ እኮ ነው» አለቻት የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማርሊን፣ ከባንኮኒው ኋላ።

«ይጥራ። እኔ አልደረስኩም።»

«አንቺ ባትደርሺ እሱ ደርሶ ይሆናላ!» ብሎ አንዱ ጎረቤት ሳቀ። ወዲያው ያለው ነገር ገባውና ሳቁን ዋጠ።

ሄዝል በሰው መካከል ተጋፍታ አባቷ አጠገብ ደረሰች። «አባዬ፣ አልዘምርም» አለችው በጆሮው። «በሚቀጥለው ዓመት።»

«የሚቀጥለው ዓመት የማነው?»

«ያንተ ነዋ! እኔ ዝም እስካልኩ ድረስ ያንተ ነው።»

ዊልፍ ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው። «አንቺ ደግሞ! ከእኔ ብሰሽ አረጀሽ።»

ኦርጋኑ ጀመረ። ሕዝቡ ዘመረ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዊልፍ ብቻውን ዜማውን ጀመረ። የመጀመሪያው ቃል ወጣለት፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው አልመጣም።

ሰዉ ሁሉ ጠበቀው። የሚሰማው የከሰሉ መንጣጣት ብቻ ነበር። ሄዝል ጥርሷን ነክሳ መሬት መሬቱን አየች። ትንሽ ብትታገስ ኦርጋኑ ዘሎት ያልፋል፤ ዜማው ይሞታል፤ አባቷ ይተርፋል። ይሙት! አለች በልቧ። ዜማ ጠዋት ሻይ አያፈላ፣ ደጅ ላይ ቆሞ «ምነው አመሸሽ?» አይል።

ከዚያ ቀና ብላ አየችው። አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ዓይኑ ሞትን የሚፈራ ሰው ዓይን አልነበረም፤ የተቀበለው አደራ በሕዝብ ፊት ከእጁ ወድቆ ሲሰበር የሚያይ ሰው ዓይን ነበር። ያንን መቻል አቃታት።

ዘመረች። ሲሳቅበት የኖረው ጎርናና ድምፅዋ ወደ ታች ወረደ፤ ቤቱ በሙሉ ተከትሏት ገባ፤ መስኮቶቹ ነዘሩ።

አባቷ አብሯት አልዘመረም። ዕድሜውን ሙሉ ሲዘምረው የኖረውን ዜማ ከኢኖክ ወዲህ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። «ለካ እንዲህ ነው» አለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ። «እንዴት ያምራል!»

መዝሙሩ ሲያልቅ ሰው ሁሉ እሷን ለማቀፍ ተሻማ። ዊልፍ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ ቦታውን ለቀቀላት፤ ከሚንቀለቀለው ምድጃ ፊት ቆሞ እጆቹን አሻሸ።

«ልጄ፣ እስቲ ኮቴን አቀብዪኝ» አላት። «ያን በር ማን ከፈተው? በረደኝ።»

በሩ ዝግ ነበር። ሄዝል ኮቱን አምጥታ አለበሰችው፤ ቁልፎቹንም እስከ አንገቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈችለት።