ሃያኛው ቆዳ

ዘሃራ ቆዳ ነጋዴ ናት። ከዓለም ጤናና ከቡልቡላ ገበያ የበግና የፍየል ቆዳ ሰብስባ፣ በሦስት አህዮች ጭና አዳማ ባቡር ጣቢያ ድረስ ታመጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ሌላ እንጀራ የላትም፤ ምላስ ግን አላት። ገበያተኛው "ከዘሃራ ጋር ከመከራከር ቆዳውን በነፃ መስጠት ይቀላል" ይላል።

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. ከተማው ተማሪ ቤት ተሠራለት። ማሠሪያው የወጣው ከአዳማ መግቢያ የቀረጥ ኬላ ነው። የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ ለአስተማሪው ቀለብና ለቤቱ ቆርቆሮ ከሃያ ቆዳ አንዱን ትቶ ያልፋል። ተማሪ ቤቱንም የሚያዙት የኬላው ሹም ግራዝማች ሙሉብርሃን ናቸው፤ ሃያኛውን ቆዳ የሚመርጡትም ራሳቸው ናቸው። ሲመርጡ ደግሞ አይሳሳቱም፤ ቀዳዳ ያለበትን አንድ ቀን ነክተው አያውቁም።

ዘሃራ በዚህ አልተከፋችም። የስምንት ዓመት ልጇ ሳፊያ ፊደል ትቆጥርበታለች ብላ ሃያኛውን ቆዳ እየሳቀች ትሰጥ ነበር። እሷ ራሷ በማታነበው ወረቀት ስንት ጊዜ ተታላለች! ልጄ እንደኔ የሰው ዓይን አትዋስም ብላ ቆርጣለች። ተማሪ ቤቱ ሲከፈት ሳፊያን አጥባ፣ አበጥራ ወሰደቻት።

"ዳዊት ያልደገመ አይገባም ተብሏል" አሏት አስተማሪው መምህር አብተው፣ መሬት መሬት እያዩ።

ሁለተኛም ሄደች፤ ሦስተኛም። የእስላም ልጅ ዳዊት ከየት ይደግማል? የነጋዴው ሰፈር ልጆች ሁሉ በዚሁ ሰበብ ቀሩ። ቆዳው ግን አንድም ቀን አልቀረም።

ሦስተኛ በተመለሰች ማግስት ግራዝማች ኬላው ላይ ቆመው ቆዳ ሲያገላብጡ ዘሃራ "በሕግ አምላክ!" አለቻቸው።

በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል። ግራዝማችም ቆሙ። ዘሃራ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠረች። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ካልደረሱ በቀር ቋጠሮው አይፈታም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ሹሙ ከቆዳ ነጋዴ ጋር ተቆራኝተው ገበያውን ሲያቋርጡ ያላየ ሰው አዳማ ውስጥ አልነበረም። በቅሏቸው ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

ዳኛው ባላምባራስ መርዳሳ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። "አዴ ዘሃራ፣ ተናገሪ" አሉ።

"ከሃያ አንዱን ለተማሪ ቤት እሰጣለሁ። ያ ቆርቆሮ የኔ ቆዳ ነው። ዝናብ ሲዘንብ የሹም ልጅ ይጠለልበታል፤ የኔዋ ከደጅ ናት። ወይ ልጄ ትግባ፣ ወይ ቆዳዬ ይቅርልኝ።"

የእሷ ቆዳ ከቀረ ነገ ነጋዴው ሁሉ ይከተላታል። ስለዚህ ግራዝማች ተማሪ ቤቱ የከፋይ ሁሉ ነው ማለት ነበረባቸው፤ አሉም። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። ሙግት ሲሞቅ ግን ሰው ያለውን ያስይዛል።

"ከከፈለ ሰው ልጅ አንድ እንኳ መልሼ እንደሆነ በቅሎዬን እሰጥ!" አሉ፣ ዘንጋቸውን እያወዛወዙ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዳኛው "ምስክር አለሽ?" ሲሉ ዘሃራ መምህር አብተውን ጠራች። ሰዉ አጉረመረመ። አብተው አምስት ልጆች የሚያሳድጉት ከግራዝማች እጅ በሚሰፈር ቀለብ ነው። ግራዝማች ፈገግ አሉ። ዘሃራም ስማቸውን ከጠራች በኋላ ሰውየው አሳዘኗት፤ ቃሏን ብትመልሰው በወደደች።

አብተው መጡ፤ ማሉ፤ ግንባራቸውን ጠረጉ።

"ሦስት ጊዜ መጥታለች" አሉ። "ሦስቱንም ጊዜ በግራዝማች ትእዛዝ የመለስኳት እኔ ነኝ። ስመልሳትም አፍሬ ነበር።"

በቅሎዋ እዚያው ለዳኝነቱ ገቢ ሆነች። ባላምባራስ መርዳሳም የከፈለ ሰው ልጅ ከተማሪ ቤቱ እንዳይመለስ ፈረዱ።

ሰኞ ጠዋት ዘሃራ ሳፊያን ይዛ ስትሄድ የነጋዴው ሰፈር ልጆች ደጁ ላይ ተኮልኩለዋል። በሩ ተቆልፏል። ግራዝማች አብተውን ትናንት አሰናብተዋቸዋል። ፍርዱ ልጅ አትመልስ አለ እንጂ በር ክፈት፣ አስተማሪ ቅጠር አላለም። ዘሃራ አለቀሰች፤ እንባዋ የንዴት ነበር።

ወዲያው ግራዝማች በመንገዱ ብቅ አሉ፤ ወደ ኬላ መሄዳቸው ነው። በበቅሎ ቢሆኑ ኖሮ አቧራቸውን ብቻ ነበር የምታየው። አሁን ግን በእግራቸው ናቸው። ሮጣ ደረሰችባቸው።

"ጌታዬ ግራዝማች" አለች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ እያወረደች። "በሕግ…"

"ተይ!" አሉ ግራዝማች። ገበያው አሻቅቦ ያያቸዋል። ዞር ዞር ብለው አዩና ከወገባቸው ቁልፉን ፈቱ። "ይኸው፤ አብተውም ይጠራ።"

"ይጠራ" አለች ዘሃራ። ነጠላዋን ግን ወደ ትከሻዋ አልመለሰችም። መምህር አብተው ከነጥምጣማቸው እየሮጡ እስኪመጡ ድረስ ጫፉን በእጇ ይዛ ከግራዝማች አጠገብ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። ሳፊያ ቀድማ ገባች፤ አሥራ አንድ ልጆች ተከተሏት።