ከሁለተኛው ማማ የተሳበ ክር

«ታዲያ ባሌን የውሃ ሽታ አድርገኸው ልትቀር ነው?» አለች ሚስቱ፣ የካርታውን ጫፍ እንደ ጨበጠች።

«ባልሽ እኔ ነኝ» አለ ተመራማሪው።

«አትቀልድ! የምልህ ገብቶሃል።»

«እኔ መች ቀለድኩ?»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የሟቹ የመጀመሪያ ባሏ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «ተዉ እንጂ እናንተ ሰዎች! ሐይቅም መቃብር ነው። ምን ይደረጋል፣ ከዓሣ ተዛመድን ማለት ነው።»

«ዋርሳዬ፣ አንተ ደግሞ አታባብለኝ!»

ዋርሳዬ! ተመራማሪው ሁለት ወንድሞች አሉት፤ ሁለቱንም በስማቸው ነው የምትጠራቸው። ዋርሳ፣ የባል ወንድም፣ የሚለው ስም ግን ዛሬም ለዚህ ሰውዬ የተጠበቀ ነበር።

የመጀመሪያ ባሏ አብራሪ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ጠዋት ተነሥቶ በረረ፤ አልተመለሰም። ተመራማሪው ደግሞ የሚሠራው በጦር መዛግብት ቤት፣ የወደቁ አውሮፕላኖችን ቦታ በሚያጣራው ክፍል ነው። የስንቱን ሰው ልጅና ወንድም አግኝቶ ሰጥቷል! የዚህን ሰው ፋይል ግን ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት ገፋ። በመጨረሻ ወንድምየው ድንጋይ ላቆምለት እፈልጋለሁ ብሎ ማመልከቻ ሲያስገባ ማምለጫ ጠፋ።

መዝገቦቹ አይስማሙም። የአየር ምድቡ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ ይላል፤ እግረኛው ጦር ደግሞ ከተራራው ጀርባ። እንዲህ ሲሆን ተመራማሪው ወረቀቱን ትቶ ወደ ክሩ ይሄዳል። ካርታው ላይ፣ ጠባቂዎች ጭስ ካዩባቸው ማማዎች ቦታ፣ ስፒል ይሰካል፣ ባዩበት አቅጣጫ ክር ይስባል፤ ሁለቱ ክሮች የተገናኙበት ቦታ አውሮፕላኑ የወደቀበት ነው። «ወረቀት ይዋሻል፣ ክር አይዋሽም» ይል ነበር ለአዲስ ገቢዎች።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሁለተኛው ማማ በጦርነቱ መሐል ከወንዙ ወዲያ ወደ ወዲህ ተዛውሯል፤ ስሙ ግን ያው ሁለተኛ ማማ ሆኖ ቀረ። አዲስ ገቢ ሁሉ ስፒሉን ከወንዙ ወዲህ ይሰካል፤ ተመራማሪው ይስቅበትና ያርመዋል። አብራሪው የወደቀው ማማው ሳይዛወር መሆኑንም እንደ ቤቱ በር ያውቀው ነበር።

እያወቀ ስፒሉን ከወንዙ ወዲህ ሰካው። ክሮቹ ሐይቁ ላይ ተገናኙ።

ተራራ ላይ ድንጋይ ይቆማል። ድንጋይ ከቆመ አበባ አለ፣ በየዓመቱ የሚኬድበት ቀን አለ፣ መሄጃ ልብስ አለ። ውሃ ላይ ግን ማን ምን ያቆማል?

ሚስቱ ካርታውን ለቀቀች። «እሺ። ሐይቅ ከሆነ ሐይቅ ነው» አለችና ወጣች።

ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ሐይቁን ያያል። እስከዚያ ቀን ሐይቁን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆን ለመገመት ካልሆነ። አሁን ሚስቱ ሰሐን በእጇ ይዛ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ትቆማለች። ወፍራሙን መጋረጃ አውልቃ በስስ ለወጠችው። ቀጥሎም ወንበሯን ወደዚያ አዞረች።

«ምን ታያለሽ?» አላት አንድ ምሽት።

«ምንም። ዛሬ ጸጥ ብሏል።»

ሰው ከተኛበት ክፍል እንደወጣች ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው። ተመራማሪው በገዛ እጁ ቤቱ ውስጥ ደባል አስገብቷል!

በማግስቱ ቢሮ እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ስፒሉን ነቀለና ከወንዙ ወዲያ ሰካው። ክሩ ከሐይቁ ተነሥቶ ተራራው ጀርባ ላይ ተኛ።

«ማማው የተዛወረው በኋላ ነው» አላት ማታ። «ተሳስቼ ነበር።»

«አንተ?» አለችና ዓይን ዓይኑን አየችው።

ከወንድምየው ጋር ሆነው ወደ ተራራው የሄዱት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ነው። ሾፌሩ መንገዱ ካለቀበት ቆመ፤ እነሱ ከሁለት ቆፋሪዎች ጋር በእግር ወጡ። የብረት መፈለጊያው ብዙም ሳይቆይ ጮኸ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የወንበር ቀበቶ ዘለበት አወጡ።

«የት አባህ ተደብቀህ ነው?» አለ ወንድምየው፣ እየሳቀም እያለቀሰም። «ወንድሜ፣ መቼም አየር ያለበትን ቦታ ታውቅበታለህ!»

ሚስቱ ተንበረከከች። ያንገት ልብሷን ፈታችና የዘለበቱን አፈር የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ ቀስ እያለች ጠረገችው። ተመራማሪው ዙሪያውን አየ። ከዚህ ሐይቁ አይታይም፤ ከቤታቸውም ይህ ቦታ አይታይም። የፈለገው ይህንኑ ነበር። አሁን ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ እንሂድ እላታለሁ ብሎ ቆመ።

«ዋርሳዬ፣ እዚህ ማታ ማታ ይበርዳል?»

«ተራራ አይደል? ይበርዳል እንጂ።»

«እሱ ደግሞ ብርድ አይወድም» አለች፤ ዘለበቱን ባንገት ልብሷ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ አስገባችው።

ቆፋሪዎቹ እንደገና ጎንበስ አሉ። ወንድምየው ድንጋዩ የሚቆምበትን ቦታ በእግሩ እየለካ ያሳያታል፤ ትንሽ ወደዚህ፣ አይ ወደዚያ ትለዋለች። ተመራማሪው ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና በመጡበት ቀጭን መንገድ ቁልቁል ወረደ። ሾፌሩ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ሳይቀሰቅሰው በመኪናው አጠገብ አልፎ ብቻውን በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ።