ሳይነሱ የተቀበሉት እንግዳ

ዊንታ ነጋ ደሞዝ የሚከፈላት ለምርጫ መወዳደር የሚያስቡ ሰዎችን እየመዘነች ማን እንደሚያሸንፍ እንድትናገር ነው። ዳላስ አጠገብ ፍሪስኮ ያለው መሥሪያ ቤቷ ያሠለጥናቸዋል፣ ማስታወቂያም ይሠራላቸዋል። አንድ የስቴት ገዥ ግን አለ፤ እሱን በነፃም ቢሆን ከወንበሩ ትጥለው ነበር።

ሰውዬው የሚገዛው ከብቱ ከሰው የሚበዛበት ትንሽ የገጠር ስቴት ነው። ዊንታ ያደገችው እዚያ ነው። አባቷ ነጋ እዚያው ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ጋዝ አፍኖት ሞተ፤ ፋብሪካውን የሚፈትሹትን ተቆጣጣሪዎች ከሥራ ያስነሳው ደግሞ ገዥው ራሱ ነበር። ይህ ሳያንሰው ካሜራ አስከትሎ ለቅሶ ደረሰ። እናቷ የሺሐረግ ምን ታድርግ? እንግዳ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ከልቡ ያዘነ መሰላት። ከፍራሿ ተነሳች፣ ጎንበስ አለች፣ እጁን በሁለት እጇ ተቀበለች። የቀረበለትን ቀማምሶ ሄደ። በምርጫው ሰሞን ያቺ ጎንበስ ያለች ጥቁር ለባሽ በየቴሌቪዥኑ ወጣች፤ የገዥውም ድምፅ «ቤተሰቡ አመስግኖኛል» ይላል። አሸነፈ።

እናትና ልጅ ወደ ዳላስ መጡ፤ መጀመሪያ ቪከሪ ሜዶ፣ ኋላ ሪቻርድሰን። የሺሐረግ ጥቁሯን አላወለቀችም። ዘመድ ወዳጁ «በቃሽ እንጂ» ሲላት፣ «ለነጋ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ይሄ ጥቁር የዚያ ሰውዬ ነው፤ እሱ ሲወርድ ይወልቃል» ትላለች።

ዘንድሮ ገዥውን ልንወዳደረው ይሆን እያሉ የሚያመነቱ ሰዎች ፍሪስኮ ብቅ ማለት ጀመሩ። የመጀመሪያው ከብት አርቢ ነበር፤ ደግና ጨዋ። «ስለ ሰው ክፉ መናገር አልወድም» አላት። ዊንታ በሆዷ ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ እያለች እስከ በሩ ሸኘችው። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች ዳኛ ናት። የገዥውን ጉድ ሁሉ ታውቃለች፣ ግን ባሏ ከሱ ጋር አደን ይወጣል። በሳምንቱ ደውላ ይቅርብኝ አለች።

ሦስተኛው የዚያው ስቴት ሴኔተር ነው። ገና ሲቀመጥ ዊንታ እንደሚያሸንፍ አወቀች፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«ማስታወቂያው ላይ ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ አሉ» አላት።

«እናቴ ናት።»

«ግሩም ነዋ። ያንኑ ለኔ ትድገመው። ጎንበስ ብላ እጄን ትያዝ፣ ትንሽ ታልቅስ። አሁን ማንን እንደምታመሰግን ሕዝቡ ይይ።»

ዊንታ ደሟ ፈላ። ከወንበሩ ጎትታ ብታስወጣው በወደደች። ግን ገዥውን የሚጥልላት ይሄ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋጥ አድርጋው ማታ ለእናቷ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ኖ ማለት ትችያለሽ። ግን ቻንስ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

«ያኛው ይወድቃል?»

«አንቺ ካለሽበት፣ የስ፣ ይወድቃል።»

«እንግዲያው አምጪው» አለች የሺሐረግ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሴኔተሩ በካሜራ የሚቀርጹ ሰዎች ይዞ መጣ። የሺሐረግ ሳሎኑ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። አልተነሳችም። ዊንታ እናቷ ለእንግዳ ሳትነሳ አይታ አታውቅም፤ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ እንኳ ትነሳለች። የሰውዬው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ቁጭ በልም አልተባለ፣ ውሃም አልቀረበለት።

«ካሜራውን ያብሩት» አለች የሺሐረግ። ካሜራውን ፊት ለፊት እያየች፣ እዚያ ለሌለው ገዥ በአማርኛ ተናገረች።

«ያን ቀን የተነሳሁልህ ለቅሶ ቤቴ የመጣህ እንግዳ ስለሆንክ ነው። አላመሰገንኩህም። ባሌን ያስገደልከው አንተ ነህ። እዝኔን በልተህ ሐዘኔን ሸጥከው። አሁን ቁጭ ብያለሁ። አንተ ደግሞ ከዚያ ወንበር ተነስ።»

ሴኔተሩ አማርኛውን ባይሰማም የሚፈልገውን እንዳገኘ ገብቶታል። «እጄን ግን አትጨብጠኝም?» ብሎ ዊንታን ጠየቃት። ዊንታ ጠየቀችለት።

«የሱ ተራ ገና ነው» አለች እናቷ። ዊንታ ይህን አልተረጎመችለትም።

ማስታወቂያው ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፤ በፊት ጎንበስ ያለችው ሴት፣ ቀጥሎ የተቀመጠችው፣ ቃሏ በእንግሊዝኛ ከሥር ተጽፎ። የዚያ አገር ገበሬ ለቅሶ ቤት በልቶ መካድ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ገዥው ወደቀ።

በማግስቱ ዊንታ ሽንፈቱን ሲያምን የሚያሳየውን ቪዲዮ ለእናቷ ከፈተችላት። የሺሐረግ አንዴ አይታ «ድገሚው» አለች። ደስ አላት፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁሯን በእጇ ይዛ ወጣች። ዊንታ ልትጥለው ተቀበለቻት።

«ተይው» አለች እናቷ። «ይሄ አዲሱስ ከወንበሩ የሚወርደው መቼ ነው?»

«እማዬ፣ ገና አሁን ተመረጠ እኮ። ኔክስት ኢሌክሽን ከአራት ዓመት በኋላ ነው።»

«እንግዲያው ታጥቦ ይቀመጥ» አለችና ጥቁሩን መልሳ ወስዳ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።