ሁለት ዘጠኝ ሺህ

የራጅ ባለሙያዋ እህቴ በሆስፒታሉ አዲሱ ሕንፃ የራጅ ክፍል ውስጥ ቆማ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። የአንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚት ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ ግን "በመላክ ላይ" የሚለው ጽሑፍ ንቅንቅ አላለም። ምስሉ መድረስ የነበረበት መንገድ ማዶ ካለው አሮጌ ሕንፃ፣ ዶክተሩ ዘንድ ነው።

"ወንድሜ፣ ይሠራል ብለኸኝ አልነበር?" አለችኝ።

"ይሠራል፣ እትዬ። ትንሽ ታገሺኝ።"

"እኔስ እታገሥሃለሁ። እግራቸውን ያመማቸው እሳቸው ናቸው።"

ሽማግሌው ከተኙበት ቀና ብለው "ኧረ እኔም እታገሣለሁ" አሉ። "በዚህ እግር የት እሄዳለሁ ብለሽ?"

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኘውን መስመር የዘረጋነው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ነን። "ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፣ አያሳፍሩኝም" ብላ ሥራውን ያሰጠችን እህቴ ናት። ጠዋት ግን ዶክተሩ ደውሎ፣ ምስሉ እስከ ምሳ ካልደረሰው ክፍሉ ተዘግቶ ሕመምተኞቹ እንደ ድሮው እሱ ወዳለበት ሕንፃ እየተገፉ እንደሚመጡ ነግሯታል። መንገዱ ደግሞ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ እንኳን ለተሽከርካሪ ወንበር ለጤነኛ እግርም አይመች።

ባልደረባዬን ሁሉም ሰው ጥድፌ ይለዋል። ሲበላም ሲያወራም ይጣደፋል። እሱ በአሮጌው ሕንፃ ራውተር ፊት፣ እኔ በአዲሱ ተቀምጠን በስልክ እየተነጋገርን መሥራት ልማዳችን ነው። አንዱ የጻፈውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይደግማል። አንዱ በሌላው ራውተር እጁን አያስገባም።

በአንዱ ገመድ ውስጥ የራጅ ምስል፣ የቢሮ ሥራና የእንግዶች ዋይፋይ አብረው ይሄዳሉ። እንዳይቀላቀሉ በቪላን ለያይተናቸዋል፤ እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም ተቆርጦ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ፣ የየትኛው ወገን እንደሆነ የምትናገር ትንሽ ምልክት ትለጠፍበታለች። የራጅ ምስል ከባድ ስለሆነ ደግሞ ተከታትፎ ከሚሄድ በትላልቅ ፓኬት ይሂድ ብለን መጠኑን ዘጠኝ ሺህ ባይት አደረግነው። ትናንት ስንሞክረው አንዱ ራውተር ሌላውን ሲጠራው ወዲያው "አቤት" ይል ነበር። ተጨባብጠን ሄድን። የሞከርነው በትንሽ ፓኬት እንደነበር ግን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

"ምልክቷን አሳስተሃት ይሆናል" አለኝ ጥድፌ በስልክ።

"አላሳሳትኩም። የታካሚው ስም እኮ ዶክተሩ ጋ ደርሷል። ስሙ የሚያልፈው በዚያው ቪላን ነው።"

"ታዲያ ምስሉ ምን ሆነ?"

"ስም ትንሽ ነው፣ ምስል ትልቅ ነው። እስቲ መጠኑን አንብብልኝ።"

"ዘጠኝ ሺህ።"

"ዘጠኝ ሺህ። የኔም እንደዚያው ነው።"

"እና ምስሉን መንገድ ላይ ማን በላው? ቧንቧ ቆፋሪዎቹ?"

ሙከራ ጀመርኩ። ፓኬቱ መንገድ ላይ እንዳይከፋፈል አድርጌ፣ ከትንሽ ተነስቼ እያሳደግሁ ላክሁ። ዘጠኝ ሺህ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መልሱ ጠፋ።

"ትልልቆቹ አንተ ጋ ሲደርሱ ነው የሚቀሩት" አልኩት።

"ወይም ካንተ ሳይወጡ! ስንት ጊዜ ላንብብልህ? ልማልልህ?"

እህቴ ስልኩን ጎንበስ ብላ አየችው። "እናንተ ሰዎች ከተጋባችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው?"

ሽማግሌው ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ "ውይ እግሬን" አሉ።

ያኔ ነው ልማዳችንን ለማፍረስ የወሰንኩት። "ጥድፌ፣ በስልክ መጨቃጨቅ ይብቃን። አንተ እዚህ ና፣ እኔ እዚያ ልምጣ።"

መንገዱ መሐል፣ ቆፋሪዎቹ ባጋደሙት ጣውላ ላይ ተገናኘን። ጥድፌ ወደ ኋላው ተመልሶ አሳለፈኝ።

"ጮኽኩብህ መሰለኝ" አለ። "ቁርስ አልበላሁም።"

"አውቄብሃለሁ" አልኩትና ሄድኩ።

ራውተሩ ላይ የተጻፈው እንዳለው ዘጠኝ ሺህ ነው። ዝቅ ብሎ ግን ከመጠን በላይ በመሆናቸው የተጣሉ ፓኬቶችን የሚቆጥር መስመር ነበር። ጥድፌ ሲጣደፍ አልፎታል፤ እኔም አንብብልኝ አላልኩትም። እህቴ ምስሉን በላከች ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። የራውተሩን መመሪያ ከፍቼ ስለ መጠን የሚለውን ፈለግሁ። እያነበብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"አንተ! ያንተ ራውተር እኮ የሚቆጥረው ጭነቱን ብቻ ነው!" አለ ጥድፌ።

"ያንተ ደግሞ መጠቅለያውንም የቪላን ምልክቷንም አብሮ ይቆጥራል። አሁን አገኘሁት።"

ስንት ጊዜ ጮክ ብለን ያነበብነው ዘጠኝ ሺህ ለሁለቱ ራውተሮች አንድ ነገር አልነበረም። የኔው ጭነቱን ሞልቶ፣ ጠቅልሎ፣ ምልክት ለጥፎ ይልካል፤ የሱ ደግሞ ሲቀበል ከነመጠቅለያው ይለካውና አይገባም ብሎ ይጥለዋል። ለላኪው እንኳ አይናገርም።

"እና አንተም ልክ ነበርክ" አለኝ።

"አንተም።"

"ኤጭ! እኔ እኮ ጥፋትህን አግኝቼ ልስቅብህ ነበር የመጣሁት።"

"በራውተርህ እጄን ላስገባ?"

"አስገባ፣ አስገባ። መጠቅለያውና ምልክቷ አሥራ ስምንት ባይት ናቸው፤ እሱን ጨምርበት። ደግሞ ከመመዝገብህ በፊት አንብብልኝ።"

አነበብኩለት፣ ደገመልኝ፤ መዘገብኩት። ከዚያ ጥድፌ እህቴን እንድትልክ ነገራት።

የዶክተሩ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ስክሪኑን ካለሁበት አየዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ ዱብ አለ፤ ሙሉው፣ ጥርት ብሎ። ዶክተሩ ወንበሩን ወደፊት ሳበና የጠረጴዛውን ስልክ አነሳ።

"ስብራት አይታየኝም፤ ወለምታ ይመስላል። ለማረጋገጥ ከጎን በኩል አንድ ድገሚልኝ። ሰውዬው እዚያው ይቆዩ፣ አታስነሻቸው።"

በኔ ስልክ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማኝ፤ "ምን አለ? ምን አለ?" ቀጥሎ እህቴ፣ "እዚያው ይቆዩ ነው ያለው፣ አባባ። አንተ ልጅ ደግሞ ውጣልኝ፣ ራጅ ላነሳ ነው።"

"እትዬ፣ እንዲያው አመሰግናለሁ እንኳ አትዪንም?" አለ ጥድፌ።

"መጀመሪያ ውጣ!"

በር ሲዘጋ ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ምስል ዶክተሩ ፊት ተከፈተ። ማን እንደሆንኩ፣ እዚያ ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም፤ አገጩን በእጁ ይዞ አጥንቱን ያያል። እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁለት።